ውለጂ፣ ይሻልሻል

«ውለጂ፣ ይሻልሻል» የሚለውን ምክር ከእናቴም ከአክስቴም፣ ከአንድ ሐኪምም ሰምቼዋለሁ። 28 ዓመቴ ነው። ጋምቤላ መሃል ከተማ ተቀምጬ አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ኮድ እጽፋለሁ። በየወሩ ሁለት ቀን ግን ላፕቶፑ እንደተከፈተ ወለሉ ላይ ተጣጥፌ እውላለሁ። «ኔትወርክ ጠፍቶ ነው» እላቸዋለሁ። (ጋምቤላ ስለሆንኩ ያምኑኛል።)

ኢንጂነሪንግ ተምሬ ምክሩ በምን እንደሚሠራ ሳልጠይቅ መቀበል አልቻልኩም። ፍለጋው ያደረሰኝ ዝንጀሮ ጋ ነው።

የወር አበባ የሚያዩ እንስሳት ጥቂት ናቸው፤ ዝንጀሮ አንዷ ናት። ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የምትኖረው አኑቢስ የምትባለው ዝርያ፣ ናይሮቢ ባለው የፕራይሜት ምርምር ተቋም አጥር ውስጥም አለች። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ የሴቶቹን ሆድ በካሜራ ያዩ ተመራማሪዎች፣ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማህፀን ውጭ ተለጥፎ አገኙ። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። በአጥር ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆዩት ላይ ደግሞ ይበዛ ነበር።

ጫካ ያለችው 6 ወር ገደማ ታረግዛለች፤ ከዚያ ለወራት ስታጠባ የወር አበባ አታይም፤ ጥቂት ዑደት አይታ እንደገና ታረግዛለች። ወንድ የማይቀርባት የአጥሯ ዝንጀሮ ግን በየ33 ቀኑ ገደማ ትደማለች፣ ለዓመታት። ከደሙ የተወሰነው በማህፀን ቱቦ በኩል ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። አሜሪካ ባሉ የምርምር ማዕከላት ያረጁ ሪሰስ ጦጣዎችንም ይኸው በሽታ ያጠቃቸዋል። አዳኝ ስለማይበላቸው፣ ከ20 ዓመት በላይ ኖረው ለመታመም ይደርሳሉ።

እዚህ ጋ አክስቴ ያሸነፈች ይመስላል። አላሸነፈችም። እርግዝና ዑደቱን ለጊዜው ያቆመዋል እንጂ የተለጠፈውን አይነቅለውም፤ ዑደቱ ሲመለስ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። ዑደትን ለማቆም ከሆነ ደግሞ የሆርሞን ክኒን አለ፤ ክኒን ዳይፐር አይፈልግም። ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ይህ በሽታ ራሱ መፀነስን ሊከለክል መቻሉ ነው። «ውለጂ» የምትባለው፣ መውለድ ላይሆንላት የሚችል ሴት ናት። በዓለም ላይ ደግሞ ወደ 190 ሚሊዮን እንሆናለን ይላል የዓለም ጤና ድርጅት።

የናይሮቢዋ ዝንጀሮ በአንድ ነገር ትበልጠኛለች፤ ሆዷን አይተውላታል። እኔ ላፓሮስኮፒ የታዘዘልኝ ዘንድሮ ነው፤ ለእሱም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ አዲስ አበባ መግባት አለብኝ። ትኬት ቆርጫለሁ። የ14 ወር ቀኖቹን፣ የሕመሙን መጠንና የዋጥኩትን አይቡፕሮፌን ብዛት የመዘገብኩበትን ሰንጠረዥም አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።