«ሲስተሙ ነው እንዲህ የሚለው»

ከመስኮት ኋላ የተቀመጠ ሠራተኛ «እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ ነው እንዲህ የሚለው» ብሎት የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኔ ግን ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ነበርኩ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ አገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤት የዳታቤዝ ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር፣ ሲስተሙ ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰው በሕንፃው ውስጥ አልነበረም።

የቢል ሶፍትዌሩን የሠራው ባለሙያ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። ኮዱ የት አለ ብዬ ስጠይቅ አንዱ «በሲዲ አስረክቦ ነበር» አለኝ፤ ሌላው መሳቢያውን አሳየኝ። መሳቢያው ውስጥ ስቴፕለር አገኘሁ። ሰርቨሩ ደግሞ አርጅቶ ሊቀየር ነው።

ደግነቱ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነበር። ፒጂ ደምፕ የሚባል መሣሪያ አለው፤ «ስኪማ ኦንሊ» ብለው ካዘዙት የደንበኞችን መረጃ ትቶ ሰንጠረዦቹ፣ ቪውዎቹ፣ ፈንክሽኖቹና ትሪገሮቹ እንደገና የሚፈጠሩበትን የኤስኪውኤል ጽሑፍ ያወጣል። ተሠርቶ ካለቀ ቤት ላይ ፕላኑን መልሶ እንደ መሣል ነው። ሰውየው ኦራክል ላይ ኮዱን «ራፕ» አድርጎት፣ ወይም ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ «ዊዝ ኢንክሪፕሽን» ብሎ ቆልፎት ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ የሚነበብ ነገር አላገኝም ነበር።

ሁሉም ግን አይመለስም። በተለመደው አጻጻፍ የፈንክሽን አካል እንደተጻፈ ስለሚቀመጥ በውስጡ ያለ ማስታወሻ ይተርፋል። ቪው ግን ተተንትኖ ነው የሚቀመጠው፤ ሲወጣ ሥራው ያው ነው፣ ጸሐፊው በጎን ያሰፈረው ማብራሪያ ግን የለም። ሰንጠረዡም እንዲሁ። «ሁኔታ 3» የሚል ዓምድ አለ፤ ሦስት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁለት ሌሊት ሳነብ ቆይቼ የቅጣት ፈንክሽኑ ላይ ደረስኩ። የዘገየውን ወር የሚቆጥረው ዓመቱን በ13 አባዝቶ ወሩን በመደመር ነው። ልክ ይመስላል፤ ወራችን 13 አይደል? ነገር ግን የነሐሴን ቢል መስከረም ላይ የሚከፍል ሰው በዚህ ስሌት ሁለት ወር ዘግይቷል። ጳጉሜን፣ አምስት ወይም ስድስት ቀኗ፣ እንደ ሙሉ ወር ታስቀጣለች። ከስሌቱ በላይ «ጊዜያዊ፤ ይስተካከላል» የሚል ማስታወሻ ነበር።

አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። መስከረም ላይ ደረሰኛቸውን ይዘው «ልጄ፣ ይሄ ቅጣት በዝቶብኛል» ብለው ነበር። ልጅቷ ያንኑ የታወቀ መልስ ሰጠቻቸው። እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ የተሳሳቱት እሳቸው መስለውኝ ነበር።

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ከተባለ ወዲህ መስኮቱ ሁሉ ወደ ስክሪን እየተቀየረ ነው፤ እኔም አልቃወምም። የገረመኝ፣ ላፕቶፕ በመለያ ቁጥሩ ተቆጥሮ የሚረከብበት ቤት ሕዝብ የሚቀጣበትን ኮድ ሳያይ መረከቡ ነው። ወንበር እንኳ ሞዴል 19 አለው።

ስሌቱን አርመን ወደ አዲሱ ሰርቨር ገባን፤ የወጣው ፋይልም አሁን ጊት ላይ ተቀምጧል። ያለፉት ዓመታት ትርፍ ቅጣት እንዲመለስ ማስታወሻ ጽፌ ለኃላፊዬ ሰጠሁ። «ማንም ያልጠየቀውን?» አሉኝ። የእናትየዋን ደረሰኝ ቁጥር ፈልጌ ከታች ጻፍኩበትና መዝገብ ቤት አስገባሁት።