ጥፍር የሚይዘው ጭረት

እኛ የብዕር ሰዎች በስደት ያልተማርነው ሙያ የለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ስወጣ፣ መኪና ማለት ለእኔ ላቫጆ ሲታጠብ ቆሜ የማየው የሌላ ሰው ንብረት ነበር። ዛሬ በዳቬይተን፣ ከሱቄ ጓሮ፣ የገዛ ባኪዬን እወለውላለሁ። ከጄፒ ዕቃ የምታመላልስልኝ ቀይ አሮጌ ቶዮታ ናት።

ቀይ ቀለም እዚህ አይበረክትም። አገሩ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐዩ እንደ አዲስ አበባው ይፋጃል፤ ቀለሙን አድርቆ ጠመኔ ያስመስለዋል። ኮፈኖዋ ሮዝ ሆኖ ቢያሳፍረኝ ጎረቤቴን አማከርሁ። ጡረታ የወጡ መኪና ቀቢ ናቸው። ድሮ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይሉኝ ነበር፤ አሁን በስሜ ይጠሩኛል።

«መጀመሪያ ጥላ ሥር አቁመህ እጠባት» አሉኝ። በሰሐን ማጠቢያ ሳሙና ግን አይሆንም፤ የተቀባውን ሰም ይዞት ይሄዳል። አቧራ በቀረበት ቦዲ ላይ ጨርቅ ማሸትም በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈተግ ነው። ፖሊሹን በትንሽ በትንሹ እየቀባሁ ሳሽ ጨርቁ ቀላብኝ። ቀለሙን ጨረስሁት ብዬ ብደነግጥ ሽማግሌው ሣቁ። የእኔዋ አሮጌ ስለሆነች ከቀለሟ በላይ ሌላ ሽፋን የላትም፤ የሚለቀው የሞተው ቀይ ነው። አዲሶቹ መኪኖች ግን ቀለም የለሽ ሽፋን አላቸው፤ ውፍረቱ ከፀጉር ክር ያንሳል። በማሽን ያለ ልክ ፈትጎ የበሳው ሰው በፖሊሽ አይመልሰውም። በተለይ ጠርዝ ጠርዙን ተጠንቀቁ።

ሁለት እሑድ ፈጀብኝ። ሰሙን ቀብቼ ስጨርስ ኮፈኖዋ ላይ ደመና ይታይ ነበር።

የግራው በር ብቻ ቀረ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ ከአሌክሳንድራ የተነሣው ጥቃት ወደ ምሥራቁ ሰፈሮች ሲዛመት፣ ከ60 በላይ ሰው ባለቀበት በዚያ ሰሞን፣ በሌሊት ስንሸሽ የተወረወረ ድንጋይ የጫረው ነው። ባለቤቴ በዚያ በኩል ተቀምጣ ነበር።

ሽማግሌው ጥፍራቸውን በጭረቱ ላይ አስኬዱ። «ጥፍር ከያዘ ፖሊሽ አያጠፋውም፤ ስቱኮና አዲስ ቀለም ይፈልጋል» አሉ። በምን እንደተመታ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኋቸውም፤ ያወቁ ይመስለኛል።

እኔ ይቆይ ባይ ነበርሁ፤ ምስክር ነው ብዬ። ጋዜጠኝነቴ አልለቀቀኝም መሰለኝ። ባለቤቴ ግን «የምገባው በዚያ በር ነው፤ በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ቀለሙን እኔ ልገዛ፣ ሽማግሌው ያለ ክፍያ ሊቀቡልን ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል።