ስለ ዕረፍትና ስለ ትዳር፤ በታኅሣሥ ወደ አንኮበር

በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ዕረፍት ባማረው ጊዜ ወደ ሙቀት ይወርዳል። ገሚሱ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ፥ ገሚሱም ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ይሄዳል። ይህም የሚነቀፍ አይደለም፤ ሙቀት የደከመ ገላን ያሳርፋልና። ነገር ግን ባልና ሚስት ሁለት ቀን ብቻቸውን ሊሰነብቱ ቢፈልጉ፥ ወደ ቆላ ከመውረድ ይልቅ ወደ ደጋ መውጣት እንደሚሻላቸው በራሳችን ያየነውን ለመናገር ይህን ጥቂት ቃል ጻፍን። በሙቀት አገር አንዱ በዛፍ ጥላ ሥር ሲተኛ ሌላው ውኃ ዳር ይውላል። በብርድ አገር ግን እሳቱ አንድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ወደ አንድ ስፍራ መሰብሰባቸው ግድ ይሆናል።

ሥራችን በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ነው። የፍቺ ማመልከቻ ሲቀርብ በእጃችን ያልፋል። በብዙ ዓመት አገልግሎት እንደ ተመለከትነው፥ ባልና ሚስት የሚለያዩት ሁልጊዜ በታላቅ በደል አይደለም። ስለ ቤት ኪራይ፥ ስለ ልጆች ትምህርት፥ ስለ ዕድር መዋጮ ሲነጋገሩ ዓመታት ያልፋሉ፤ ከዚህ የሚበልጠውን ነገር ግን ለነገ ሲሉት ይቆያል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ፥ ባልና ሚስት በስምምነት ለመፋታት በቀረቡ ጊዜ፥ ዳኛው ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህ ደግ ሕግ ነው። ሆኖም ያ ጊዜ የሚሰጠው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ጠብ ሳይመጣ፥ ዳኛም ሳያዝ፥ ከዓመቱ ሁለት ቀን ቈርሶ ለራሱ የሚሰጥ ቤተሰብ ብዙ አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. በእኛም ቤት ያልተቋጨ አንድ ነገር ነበረ። የቤታችን እመቤት ትውልዷ መንዝ ነው። እናቷ ወደ 80 ዓመት የተጠጉ ሲሆኑ፥ ባላቸው ካረፉ ወዲህ በጎጇቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር እንዲቀመጡ ደጋግመን ብንለምናቸው፥ ባላቸው ከተቀበሩበት ደብር እንደማይለዩ ነገሩን። ልጅቱ እናቷን በዚያ ትታ መኖሩ አልሆነላትም፤ ቤቷንና ልጆቿን ትታ መሄዱም አልሆነላትም። ይህንን ለመነጋገር በተቀመጥን ቁጥር እንግዳ ይገባል፤ ስልክ ይጮኻል፤ ልጅ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። እንዲህም ሲሆን ወራት አለፉ።

ስለዚህ ልጆቻችንን ከአክስታቸው ዘንድ አስቀምጠን ቅዳሜ ታኅሣሥ 6 ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ወደ ሰሜን ሄድን። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር ነው። በአገራችን ክረምት ስንል ዝናቡን ማለታችን ነው፤ እውነተኛው ቍር ግን ዝናቡ ካለፈ በኋላ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይመጣል። ምክንያቱም የሚታወቅ ነው። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ በበጋ ሌሊት ሰማዩ ስለሚገለጥ ምድር ቀን የጠጣችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቃለች። ደግሞም ሰው 1000 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከዚህ የተነሣ ደብረ ብርሃን ስንደርስ፥ ፀሐይ ባልነካው ጥግ ሁሉ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ አገኘነው።

ደብረ ብርሃን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት መናገሻ ያደረጓት ከተማ ናት፤ ስሟም በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን የመጣ ነው። በዚህች ከተማ የብርድ ልብስ ፋብሪካ አለ። የቤታችን እመቤት ግን በገበያ ዞራ ከመንዝ በግ ጠጕር የተሠራ አንድ ወፍራም ባና መረጠች። ጠጕሩን ሴቶች እንደሚፈትሉት፥ ወንዶችም እንደሚሸምኑት፥ ከእጇ ላይ እያገላበጠች ድሩንና ማጉን አስረዳችን። ትዳር ከያዝን 18 ዓመት ሲሆን፥ ልጅ ሳለች ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ትፈትል እንደ ነበረ የሰማነው በዚያች ገበያ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ አንኮበር ይደረሳል። በመንገድ ላይ ጅብራ በየገደሉ አፋፍ እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ዱር የማይገኘው ጭላዳ ዝንጀሮም ሌሊቱን በገደል አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ሣር ይነጫል፤ ፀሐይም ይሞቃል። ከዚያ በኋላ ምድሩ ድንገት ያልቅና ሰው በተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ የአዋሽንና የአፋርን ቆላ ቁልቁል ያያል። ከሥሩም አልዩ አምባ አለች፤ በጥንቱ ዘመን ከባሕር ዳር የሚመጣው ነጋዴ አሞሌውንና ልዩ ልዩ ሸቀጡን የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚህ ሳሉ ሻለቃ ሐሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ከብዙ ጓዝ ጋር ወደ እርሳቸው መጣ፤ በ1834 ዓ.ም.ም የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። የልጅ ልጃቸው ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በመጡ ጊዜ የአባቶቻቸውን ዙፋን የያዙት በዚህ ነው። ኋላ ግን ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ መሳፍንቱና መኳንንቱም ተከትለው ወረዱ። በኰረብታው ላይ ከቀድሞው አዳራሽ የቀረው ጥቂት የድንጋይ ግንብ ነው። እንደ ሚካኤልና እንደ መድኃኔ ዓለም ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ግን በየስፍራቸው አሉ።

ይህንን ታሪክ ከግንቡ አጠገብ ቆመን ስንጨዋወት የቤታችን እመቤት ዝም ብላ ሰማችና፥ «ንጉሡ ሄዱ፤ ደብሩ ቀረ። እናቴ የደብሩ ወገን ናት» አለች። ይህን ከተናገረች በኋላ እናቲቱን ወደ አዲስ አበባ ስለ ማምጣት ዳግመኛ አልተነሣም።

ፀሐይ ሲጠልቅ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ወጥቶ ኰረብታውን ሸፈነው። ጾመ ነቢያት ስለ ነበረ ራታችን ሽሮና የባቄላ ንፍሮ ሆነ። ቆላ ያደገ ሰው በብርድ አገር ልብስ ሁሉ ከላይ ይደርባል። የቤታችን እመቤት ግን ባናውን አጥፋ ከሥራችን አነጠፈችው፤ ብርድ የሚገባው ከበታች እንደ ሆነም ነገረችን። የማረፊያው አሽከር የከሰል ማንደጃ አምጥቶ በክፍሉ ውስጥ ሊተውልን ቢል፥ ከመተኛታችን በፊት እንዲያወጣው አደረገች። ይህንን እንባቢዎቻችን ሁሉ ልብ እንዲሉት እንለምናለን። በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ይህም የማይታይና የማይሸት ስለ ሆነ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል።

መብራቱ ከጠፋ በኋላ በጨለማ ውስጥ ስንሞቅ ሳለን፥ «እናቴ ይህን ሌሊት እንዲህ ባለው ብርድ ብቻዋን ናት» አለች። ከዚህ ቃል በኋላ እንቅልፍ አልነበረም። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ተነጋገርን። የሚቋረጥ ነገር አልነበረም፤ ተነሥቶ የሚሄዱበትም ስፍራ አልነበረም፤ ከብርድ ልብሱ የወጣ ይበርደዋልና። ከሚያዙት ቀለቦች አንሥቶ እስከ ልጆቹ ትምህርት፥ ከእርሷ ደመወዝ መቅረት አንሥቶ በመንደሩ እስከሚወራው ወሬ ድረስ አንድ በአንድ አነሣን። ሚስት ከባሏ ቤት ወጥታ ወራት ብትቀመጥ ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር ቀላል አልነበረም። በዚህ ላይ ግን ሕጉ ራሱ ረዳን። ባልና ሚስት በአንድነት መኖር እንዳለባቸው ያዘዘው ያው የቤተሰብ ሕግ፥ ሁለቱ በስምምነት ለጊዜው ተለያይተው መቀመጥ እንደሚችሉም ይፈቅዳልና። በስምምነት የተደረገ መለየት የትዳር መፍረስ አይደለም። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ወደ እናቷ ሄዳ እስከ ፋሲካ እንድትቀመጥ ቈረጥን።

እሑድ ታኅሣሥ 7 ቀን ቅዳሴ አስቀድሰን ተመለስን። ዕለቱ የሥላሴ ወርኃዊ በዓል ስለ ነበረ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ወርደን ተሳለምን። ባናውን ወደ ቤታችን አላስገባነውም፤ ወደ መንዝ ለሚሄድ ዘመድ ሰጥተን በዚያው ሳምንት ለእናቲቱ አደረስንላቸው።

የቤታችን እመቤት በቃሏ መሠረት ሄደች። ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ለቤታችን ከባድ ነበር፤ ልጆቹ ወጥ መሥራት ተማሩ፤ እኛም ጠጕራቸውን ማበጠር ተማርን። ለፋሲካ ተመለሰች፤ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜም ሁላችንም ተያይዘን ወደዚያ ወጣን። እናቲቱ በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ዐረፉ። በባላቸው አጠገብ ተቀበሩ፤ በሚያርፉበትም ሰዓት ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነበረች።

እንግዲህ ይህን ለማድረግ የሚያስብ ቤተሰብ ቢኖር ጥቂት ምክር እንጨምራለን። በመጀመሪያ የአገሩን ሰላምና የመንገዱን ደኅንነት ይጠይቅ። እኛ በሄድንበት ጊዜ መንገዱ ሰላም ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በአማራ ክልል ጦርነት ስለ ተነሣ፥ የዚያ አገር ሰው ብዙ መከራ አይቶአል፤ መንገደኛም እንደ ቀድሞው አይመላለስም። መንገዱ እስኪቀና ድረስ ብርድ ያለበት ሌላ ተራራ አይጠፋም። ሁለተኛ፥ ወፍራም ልብስ ከላይም ከበታችም ይያዝ። ሦስተኛ፥ ከቤት የሚቀረው ነገር ሁሉ ይቅር እንጂ በይደር የቆየው አንዱ ነገር ግን አብሮ ይሂድ። ልጅና እንግዳ ከተኛ በኋላ እንነጋገራለን የተባለ ነገር በከተማ ቤት ውስጥ ሲነጋ ያድራል፤ በደጋ ሌሊት ግን ሌሊቱ ረጅም ነው።