ከራስ በላይ ነፋስ

አባቶቻችን «ከራስ በላይ ነፋስ» ብለው የተረቱት ተረት ትርጓሜው የታወቀ ነው። ሰው አስቀድሞ ለራሱ ያስባል፤ ከራሱ በላይ ያለው ሁሉ ነፋስ ነው ማለት ነው። እኔም በመምህርነት ሳገለግል ይህን ተረት ለተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ተርጕሜያለሁ። ነገር ግን ምን ያህል እውነት፥ ምን ያህልም ሐሰት እንዳለበት የተማርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ በሰው አገር፥ በልጄ ቤት ነው። እንዴት እንደ ሆነ ለአንባቢ ላጫውት።

ልጄ ከባልዋና ከ11 ዓመት ልጅዋ ጋራ የምትኖረው በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂኒያ፥ በፕሪንስ ዊልያም አውራጃ ነው። ቤታቸው የሚሞቀውም፥ ወጣቸው የሚሠራውም፥ እንጀራቸው የሚጋገረውም በኤሌክትሪክ ነው። እኔ ከእነርሱ ጋራ መኖር በጀመርሁበት ዓመት፥ ብርዱ በጸናበት በጥር ወር፥ የመጣው የመብራት ሒሳብ ከልክ ያለፈ ሆነ። ባልና ሚስት ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሲተክዙ አየሁ። ልጄም በሳምንት አንድ ሌሊት ተጨማሪ ሥራ እይዛለሁ ስትል ሰማሁ።

እኔ ግን ጥፋተኛውን ያወቅሁት መሰለኝ። በልጅነቴ በተማርሁበት በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ሞተሩ ከምሽቱ በ3 ሰዓት ይጠፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ለማጥናት ለሚፈልግ ልጅ ፋኖስ ይሰጠዋል፤ ፋኖሱን ሳያጠፋ የተኛ እንደ ሆነ ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ይቀዳል። እኔም አንድ ጊዜ ቀድቻለሁ። ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል መብራት ሲበራ ባየሁ ጊዜ እስከ ዛሬ ድረስ ልቤ ይቈጣል። የልጅ ልጄ ደግሞ መብራት ማጥፋት የማያስታውስ ልጅ ነው። አንድ ቀን በእራት ጊዜ በወላጆቹ ፊት «እናትህን ሌሊት የምታሠራት አንተ ነህ» አልሁት። ልጁ አንዲት ቃል አልመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በጨለማ እየተደናበረ ሲሄድ፥ መጽሐፉንም በመስኮት አጠገብ በውጭው ብርሃን ሲያነብ አየሁት። እኔም ተግሣጼ ፍሬ አፈራ ብዬ ደስ አለኝ።

ለዚያ ቤት ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው የነጋዴ ኩባንያ ሳይሆን የተጠቃሚዎቹ የራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የእነዚህ ማኅበራት ታሪክ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የአሜሪካ ከተሜ በኤሌክትሪክ ብርሃን ሲደሰት፥ ከ10 የገበሬ ቤቶች 9ኙ ያህል በፋኖስ ይኖሩ ነበር። ኩባንያዎቹ በተራራቁ ቤቶች መካከል ሽቦ መዘርጋት አያተርፍም ብለው ትተዋቸው ነበርና። በ1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደር የተባለውን መሥሪያ ቤት አቋቋሙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሕግ ወጣለት። ከዚህ በኋላ ገበሬዎቹ ብዙውን ጊዜ 5 ዶላር እያዋጡ ማኅበር መሠረቱ፤ ከመንግሥት በተበደሩትም ገንዘብ ምሰሶ ተክለው ሽቦ ዘረጉ። ዛሬም በእንደዚህ ያለው ማኅበር የባለጸጋውም የድኻውም ድምፅ አንድ ነው፤ ከወጪ የተረፈውም ገንዘብ የአባሎቹ ነው። ይህን ስሰማ የአገሬ ዕድር ትዝ አለኝ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በመዳብ ሽቦም የሚፈጸም መሆኑን ተረዳሁ።

አማቼ ለማኅበሩ ስልክ ደውሎ ሒሳቡ ስለ ምን እንደ በዛ ጠየቀ። ማኅበሩም ቤቱን የሚመረምር ሠራተኛ ላከ። እኔ እንደ ጠበቅሁት አምፖሎቹን አልቈጠረም። ልጄ ቡና አፍልታ ዕጣን ታጤስ ነበርና ጢሱን ባየ ጊዜ ማጨሻውን ለመነና በኮርኒሱ ላይ ካለችው የቆጥ መውጫ ሥር ያዘው። ጢሱ ሳይበተን ቀጥ ብሎ በክዳንዋ ስንጥቅ ሽቅብ ገባ። «ገንዘባችሁ የሚሄደው በዚህ ነው» አለ። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱ በላይ ሲያመልጥ ቀዝቃዛው አየር በታች በበርና በመስኮት ሥር ይገባል። መሣሪያውም ያን ለማሞቅ ሌሊቱን ሙሉ ይደክማል። ሠራተኛው ቆጡ ላይ ወጥቶ ሲያይ፥ ሙቀት እንዳያልፍ የተነጠፈው ጥጥ መሳይ ነገር ሳስቶ፥ ሞቃት አየር ወደ ክፍሎቹ የሚያደርሰውም ቧንቧ ባንድ ስፍራ ከመጋጠሚያው ወልቆ አገኘ። ለካ ቤቱን ትተን ጣራውን ስናሞቅ ኖረናል። በውነትም ከራሳችን በላይ ነፋስ ነበር።

የወለቀው ቧንቧ ወደ እኔ መኝታ ቤት የሚመጣው ነበር። ሠራተኛው ወደዚያው ገብቶ ካልጋዬ ሥር አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አወጣ። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። ክፍሌ ይበርድ ነበር። የሰው ሸክም ሆኜ ሳለሁ ደግሞ በረደኝ ብዬ ላማርር አፍሬ ማሞቂያዪቱን በስውር ገዝቼ ሌሊት ሌሊት አበራት ነበር። በጀርባዋ ላይ 1,500 ዋት የሚል ተጽፎባታል። የልጁ አምፖል 9 ዋት ነው። ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ሳልፈልግ በልቤ አካፈልሁት፤ የእኔ ማሞቂያ 167 ያህል አምፖል ባንድ ጊዜ ከማብራት ጋራ እኩል ሆነ። በ10 ሰዓት ሌሊት 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ፈጅቼ፥ ጧት ተነሥቼ ልጁን ስለ አንድ አምፖል እገሥጸው ነበር።

የዚያን ዕለት በእራት ጊዜ፥ በወቀስሁት ጠረጴዛ፥ በእነዚያው በወላጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ሽማግሌ ከልጅ ይቅርታ ሲጠይቅ በአገራችን ብዙ አልታየምና ቃሉ በጕሮሮዬ ተናነቀኝ። ልጁም በተሰባበረ አማርኛው «አባባ፥ ማሞቂያውን አውቅ ነበር። አንተ ይበርድሃል ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። አንቱታን ገና አልለመደም። ነገር ግን ከዚያ የበለጠ አክብሮት ከማንም ተማሪ አግኝቼ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ቧንቧው ተጋጠመ፤ የቆጡ ክዳን በጎማ ታተመ፤ የሳሳው ንጣፍ ወፈረ። ክፍሌም ያለ ማሞቂያ ሞቀ። አስቀድሜ በረደኝ ብዬ ብናገር ኖሮ ቧንቧው ያን ጊዜ በተገኘ ነበር፤ ኵራቴ ያን ሁሉ ገንዘብ አስከፈለ። ሠራተኛው አንድ ነገር ደግሞ አስተማረን። እንዲህ ያሉ ብዙ ማኅበራት ኀይሉን ከሌላ በጅምላ ይገዛሉ፤ በብርድ ማለዳ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲያሞቅ ኀይሉ ይወደዳል፤ ዋጋውም በአባሎች ሁሉ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ልጄ ማለዳ ትጋግር የነበረውን እንጀራ ቅዳሜ ቀትር ላይ መጋገር ጀመረች። እኔ ያባከንሁት የማላውቀውን ጎረቤት ኪስ ይነካል፤ የቈጠብሁትም ይጠቅመዋል። በእንዲህ ያለው ማኅበር ከራስ በላይ ያለው ነፋስ ብቻ ሳይሆን ሰውም ነው።

በሚቀጥለው ወር ሒሳቡ ቀነሰ፤ ልጄም የሌሊቱን ሥራ ሳትይዝ ቀረች። አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ ወጪ በበዛ ጊዜ በዓይንህ ፊት የሚበራውን ትንሽ መብራት ይዘህ ሰው ከመውቀስህ በፊት ወደ ጣራህ ቀና በል፤ ቀጥለህም ካልጋህ ሥር ተመልከት። የልጅ ልጄ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ መብራት ሳያጠፋ ይወጣል። እኔም ዝም ብዬ ሄጄ አጠፋለታለሁ።