የበለዘ ጥርስ የልጁ ጥፋት አይደለም

ላንጋኖ ለመዝናናት የምንወርድ ሰዎች ሐይቁን እናያለን እንጂ የአካባቢውን ልጆች ጥርስ ልብ አንልም። ከመቂ እስከ አርሲ ነገሌ፣ በአዳማ በኩል ደግሞ በወንጂ፣ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ የበለዘ ልጅ ብዙ ነው። ምክንያቱ ውሃው ነው። የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አለት ፍሎራይድ ወደ ጉድጓድ ውሃ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ቋሚ ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እያለ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ በልዞ ይወጣል። ቢፍቀው አይለቅም። በወንጂ ስኳር እርሻ ዕድሜያቸውን ከጨረሱት መካከል አጥንታቸው ሳይቀር የተጎዳ አሉ።

ክፍል ውስጥ ግን «ጥርስህን አትፍቅም እንዴ?» ይባላል። ቅጽል ስም ይወጣለታል። ቆንጆ ስናወድስ «ጥርሷ ሐጫ በረዶ» የምንል ሰዎች ነንና ልጆቹ ከየት እንደተማሩት አይጠፋንም። የተተረበው ልጅ ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ይጀምራል፤ መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም፤ መምህሩም ሰነፍ ነው ብሎ ይተወዋል። በአሸዋና በከሰል እየፈተገ የቀረውን ጥርስ የሚያሳሳም አለ። የሚያላግጥበት ልጅ ምናልባት ከደጋ የመጣው ጥርሱ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ነው። ልዩነታቸው የጠጡት ውሃ ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

ልጁ አቤት ሲል ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንዱ «የልጆች ጨዋታ ነው፣ ተጨባበጡና ታረቁ» የሚል ነው። የፈራ ልጅ በግድ ቢጨብጥ ከክፍል ሲወጡ የባሰ ይጠብቀዋል። ሌላው ተሳዳቢውን ማንበርከክና መግረፍ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ደግሞስ በአርጩሜ የሚማረው ጉልበት ያለው እንደሚያሸንፍ አይደል?

እኔ የማምንበት ሌላ ነው። በፊንላንድ ቱርኩ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ኪቫ የተባለ መርሐ ግብር ትኩረቱን ዳር ቆመው በሚስቁት ተማሪዎች ላይ አድርጓል፤ ሳቂ ሲጠፋ ተራቢው ለማን ይተርባል? ለዚህ የውጭ ገንዘብ አያስፈልገንም። የሳይንስ መምህሩ የፍሎራይድን ነገር በአንድ ክፍለ ጊዜ ያስረዳ፤ ሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት ይድገመው። የክፍል ኃላፊው ሁለቱን ልጆች ለየብቻ ያነጋግር፤ ከሳምንት በኋላም መልሶ ይጠይቅ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ተሰደብኩ ሲላችሁ «አንተስ ምን አድርገህ ነው?» አትበሉት፤ መጀመሪያ ስሙት። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያጠፋ እወቁ፤ ለታናናሾቹ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይም የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ውሃ ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ።

የባቱ፣ የአዳሚ ቱሉና የአርሲ ነገሌ መምህራን ሆይ፣ ያችን አንድ ክፍለ ጊዜ በዚህ ሴሚስተር ስጡልን።