«ሲስተም የለም» ከማለታችን በፊት

ባለፈው ክረምት ሚዛን ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር፣ የብዙዎቹ ታሪክ ነው) የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ የሰብሳቢው ምስል አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። አንዱ «ኔትወርክ ነው» አለ፣ ሌላው «ሲስተም የለም»። ቡና መጣ። አቦሉ አለቀ፣ ቶናው ተከተለ፣ የኔትወርክ ዕቃው ቁምሳጥን ቁልፍ ያለው ልጅ የተገኘው በረካው ላይ ስንደርስ ነው። በስልኩ መብራት እያበራ ቁምሳጥኑን ሲከፍት የኔትወርኩ ስዊች እጅ አያስነካም፤ አቧራ የአየር ማስወጫውን ደፍኖት ግሏል። ነቀለው፣ ጠረገው፣ መልሶ ሰካው። ስክሪኑ ሲመለስ ግን ወዲያ ማዶ የሚታየው ባዶ ወንበር ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቪዲዮ ስብሰባ ሲነሳ የሚታየኝ ያ ቁምሳጥን ነው።

የዌብካም ታሪክ ከቡና መነሳቱ ደግሞ ለኛ አገር ሰው ደስ ይላል። በ1991 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ከሌላ ፎቅ ድረስ ለቡና ይመጡና ማፍያውን ባዶ ያገኙታል። ኩዌንቲን ስታፎርድ-ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትስኪ ማፍያው ላይ ካሜራ ደቀኑና ምስሉን ወደየጠረጴዛቸው የሚያመጣ ፕሮግራም ጻፉ። ጥቁርና ነጭ፣ 128 በ128 ነጥብ። በ1993 ድር ላይ ወጣ፣ እስከ 2001 ሠራ፤ የመጀመሪያው ዌብካም የሚባለው እሱ ነው። ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብሎ ልጅ በሚልክበት አገር ላደገ ሰው ትንሽ ያስቃል።

ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች የሚከታተለው ሌላኛው ፈጠራ ግን ብዙ አይወራለትም። በ1988 እ.ኤ.አ. ጄፍሪ ኬዝና ሦስት ባልደረቦቹ ኤስኤንኤምፒ የተባለውን ደንብ አወጡ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድ ኮምፒውተር እያንዳንዱን ራውተርና ስዊች በየጥቂት ደቂቃው «እንዴት ነህ?» ይለዋል። እሱም ስንት መረጃ እንዳለፈ፣ የትኛው መስመር እንደወደቀ፣ ብዙ ጊዜም ሙቀቱን ጭምር በቁጥር ይመልሳል። የባሰ ነገር ሲመጣ ሳይጠየቅ ራሱ ይጮኻል፤ ባለሙያዎቹ «ትራፕ» ይሉታል። በ1998፣ ኤፕሪል 1 ቀን፣ ማይክል ስላቪች የሚባል ሰው የቡና ማፍያም በዚሁ ደንብ እንዲጠየቅ የሚል ሰነድ ጽፎ አወጣ። ቀልድ ነው፤ ግን የማፍያው አቅምና የቀረው ቡና መጠን ሁሉ በወጉ ገብቶበታል።

እንግዲህ አንድ የቡና ማፍያ፣ በቀልድም ቢሆን፣ የኛ ስዊች ያላገኘውን ክብር አግኝቷል።

የመንግሥት ኔትወርክ የሆነው ወረዳ ኔት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሳተላይት ዲሽ በመቶ የሚቆጠሩ ወረዳዎችን ሲያገናኝ ሁላችንም ያየነው ስክሪኑን ነው። የአዲስ አበባ ባለሥልጣን ፊት ወረዳ ድረስ መጣ፣ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ደግሞ ለኛ ነገሩ የባሰ አንገብጋቢ ነው። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት መቀመጫውን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አካፈለ። አራት ከተማ! በዚህ ዝናብና በዚህ ዳገት ከቴፒ ተርጫ ለሁለት ሰዓት ስብሰባ መሄድ ምን እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። የካምብሪጆቹ ሰዎች ለባዶ ማፍያ የወረዱት ደረጃ ነው፤ እኛ የምንወርደው የጎጀብን ሸለቆ ነው።

የአይ ሲ ቲ ኃላፊዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለመሥሪያ ቤት የሚገዙት አብዛኞቹ ስዊቾችና ራውተሮች ኤስኤንኤምፒን ይዘው ነው የሚመጡት። ክፈቱት፣ ከፋብሪካ የመጣውን «ፐብሊክ» የሚል ይለፍ ቃል ቀይሩ፣ ዛቢክስን የመሰለ ነፃ ሶፍትዌር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ሰኔ ላይ የተረፈ በጀት ተብሎ ሌላ ትልቅ ስክሪን ከመገዛቱ በፊት ደግሞ፣ እባካችሁ፣ የዚያን ቁምሳጥን ቁልፍ ሁለተኛ ቅጂ አስቀርጹ።