የእማዬ ጉልበትና የአሬሮ መንገድ

እናቴ አሬሮን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው በ1976 ዓ.ም ነበር። አባቴ በያኔው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ አሬሮ አውራጃ መምህር ሆኖ ሲመደብ እሷ የሃያ ዓመት ሙሽራ ነበረች፤ ተከትላው ወረደች። የሄደችው በኤንትሬ የጭነት መኪና ጋቢና ነው። መወጣጫው በጣም ከፍ ያለ ስለነበር ረዳቱ ከላይ እጇን ስቦ፣ አባቴ ከታች ደግፎ እንዴት እንዳወጧት እየሳቀች ታወራለች። አባቴ ከተለየን ሦስት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ፋሲካ ማግስት ቁርስ እየበላን ሳለ፣ "አሬሮን አንድ ጊዜ ብታሳዩኝ" አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

መንገዱን ለሚያውቁ ሾፌሮች ደወልን፤ በቀን ብቻ እንድንነዳ መከሩን። ሁለት ፒካፕ አለን፤ አንዱ የእኛ ደብል ጋቢና፣ ሌላው የታላቅ ወንድሜ አሮጌ ሃይሉክስ። የቀረን ጥያቄ የእማዬ ጉልበት ነበር። ሁለቱም ጉልበቶቿ ከታመሙ ቆይተዋል፤ ሐኪሟም ደረጃ አታብዢ ብሏታል። ግቢያችን ውስጥ በሜትር ለካን። የእኛ መኪና ወለል ከመሬት 62 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ የቤታችን አንድ ደረጃ 17 ነው። እማዬን በአንድ እርምጃ ከሦስት ደረጃ ተኩል በላይ ውጪ ማለት ነበር።

ለዚህ ነው ከበር በታች የሚገጠመው መርገጫ የተፈለሰፈው። አዲስ ነገር አይደለም። ከተማችን ውስጥ ዛሬም የምትሽከረከረውን ቮልስ ልብ ብላችሁ እዩ፤ ከፊት ፓራፋንጎ እስከ ኋላው የተዘረጋች፣ ጎማ የለበሰች መርገጫ አላት። ጥንት መኪኖች ሁሉ እንዲህ ነበሩ። በኋላ የቤት መኪኖች ዝቅ ሲሉ መርገጫው ጠፋ፤ ከፍ ብለው በቀሩት በፒካፕና በጭነት መኪኖች ላይ ግን ቀጠለ።

ወንድሜ የራሱን በያጅ ጋ ሄዶ ነው ያሠራው። ክብ ቱቦ፣ ላዩ ላይ እግር እንዳያንሸራትት የተሸበሸበ ላሜራ፣ በብሎን ከሻንሲው ጋር የታሰረ። እኔ ግን ቪዲዮ አይቼ ነበር። በሩ ሲከፈት መርገጫው እንደ ታዛዥ አገልጋይ ከመኪናው ሆድ ወጥቶ ዝቅ ይላል፤ በሩ ሲዘጋ ተመልሶ ይደበቃል። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ቪዲዮው እንዴት እንደተሠራ፣ ሴትየዋ ለምን ባለተረከዝ ጫማ እንዳደረገች፣ መንገዱ ለምን ገና በዝናብ የታጠበ እንደሚመስል አውቃለሁ። ያም ሆኖ ገዛሁት። ወንድሜ ዋጋውን ሲሰማ በዚያ ገንዘብ ሱማሌ ተራ ሄዶ ለስንት መኪና ቋሚ መርገጫ እንደሚገዛ በጣቱ ቆጠረልኝ።

ለፍርድ እንዲመች ቁጥሩን ልንገራችሁ። የወንድሜ ቋሚ መርገጫ ከመሬት 47 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። መኪናው መሬት እንዳይነካ ከበሩ ሥር ተጠግቶ ስለተበየደ፣ የመጀመሪያዋ እርምጃ ረጅም ናት፤ ሁለተኛዋ ትንሽ። የእኔ ታጣፊ ግን ሲወጣ እስከ 34 ይወርዳል፤ ሲነዳ ተሸጉጦ ስለሚሄድ ዝቅ ማለቱ አያስፈራውም። ለታመመ ጉልበት የ13 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብዙ ነው። እማዬ ሁለቱንም ሞከረች። የወንድሜን ስትሞክር ፊቷ ተኮማተረ። የእኔን ግን እጀታውን ይዛ አንድ፣ ሁለት ብላ ተቀመጠችና "ይሄ ሰው የሚያከብር መኪና ነው" አለች። ወንድሜን እንዴት እንዳየሁት ትገምታላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የእኔ ነበሩ። ሐዋሳ ላይ የሆቴሉ ጥበቃ መርገጫው ሲወጣ አይቶ ጎንበስ ብሎ ከሥር ፈተሸው፤ ልጄም በሩን እየከፈተችና እየዘጋች አስደነቀችው። ዲላ ቡና ጠጣን። ከሐገረ ማርያም በኋላ አገሩ እየሰፋ፣ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። እንሰቱ ያልቅና ግራር ይጀምራል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ በየሜዳው እንደ ሐውልት ቆሟል። ከአዲስ አበባ ያቤሎ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁሉም አስፋልት። እማዬ በየቦታው ወረደች፣ ወጣች፤ ማንም አልደገፋትም።

ያቤሎ ባደርንበት ሌሊት ዘነበ። የቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ነው። ያለፈው ድርቅ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ከብቱን ስለፈጀ፣ ዝናብ ሲመጣ ማንም ስለ ጭቃ አያማርርም። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ወደ አሬሮ የሚወስደውን ፒስታ ያዝን፤ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀይ አፈር ነው። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ጭቃ፣ ከፍ ያለው ላይ ፀሐይ ወዲያው አድርቆት አቧራ።

ልጄ ከመስኮት ሆና "ቁራ! ግን ነጭ ቁራ!" ብላ ጮኸች። አመድማ ገላ፣ ጥቁር ክንፍና ጭራ፣ በዓይኑ ዙሪያ ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ ያለው ወፍ ነው። በሳይንስ ስም የተሰጠው በ1938 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከያቤሎ፣ ከሜጋና ከአሬሮ አካባቢ በቀር የትም አይኖርም። መንገድ ዳር ግራር ላይ እሾሃማ ጎጆውን ሠርቶ ነበር። እማዬ "ይሄንንማ አውቀዋለሁ፤ ልብስ ሳሰጣ አጠገቤ ይመጣ ነበር" አለችና ቁሙ አለች።

በሩን ከፈትን። መርገጫው ግማሽ መንገድ ወጣና ቆመ።

እማዬ እጀታውን ይዛ፣ እኔ ከታች ተቀብዬ ወረደች። መውረዱ ቀላል ነበር። ወፉን አይታ ስትመለስ ግን መርገጫው ወጥቶም አልወጣ፣ ገብቶም አልገባ። በሩን አሥር ጊዜ ከፍተን ዘጋን። በግራ በኩል ከሾፌሩ ኋላ ትግባ ብለን ያኛውን በር ስንከፍት የግራው ጭራሽ አልወጣም።

የሆነው ነገር ይህ ነው። በሩ ሲከፈት ሴንሰሩ መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ያነቃል፤ ሳጥኑ ከባትሪው ለሞተሩ ኃይል ይለቃል፤ ሞተሩ ሁለት የብረት ክንዶችን ገፍቶ መርገጫውን ያወርዳል። መንገዱ ላይ አንድ ነገር ካጋጠመው፣ ለምሳሌ የሕፃን እግር፣ ሞተሩ ከወትሮው በላይ ኃይል ሲስብ ሳጥኑ ያውቅና ያቆመዋል። ጥሩ ጥበቃ ነው። ነገር ግን ሳጥኑ የሕፃን እግርንና የደረቀ ጭቃን አይለይም። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነበር። ከመነሳታችን በፊት ለጉዞው ይበጃል ብዬ እጥበት ቤት ወስጄ ክንዶቹን ግራሶ አስቀብቼ ነበር። ግራሶ አቧራ ይይዛል፤ አቧራና ግራሶ ተደባልቀው፣ ጭቃ ተጨምሮባቸው ፀሐይ ሲመታቸው እንደ ሊሾ ሲሚንቶ ሆኑ። በኋላ እንደተረዳሁት ለእነዚህ ክንዶች ደረቅ ሆኖ የሚቀር የሲሊኮን ስፕሬይ እንጂ ግራሶ አይሆንም።

እማዬን ወደ ወንድሜ መኪና ወሰድናት። 47 ሴንቲ ሜትር። ሞከረች፤ እግሯ አልደረሰም። ወንድሜ ልሸከምሽ ሲላት ተቆጣች። "እንደ ጆንያ አታንሱኝ። በእግሬ ነው የመጣሁት።" ከዚያ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ ሲያቀርር አየሁ፤ ነገሩ መርገጫ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ያቺ በሁለት ሰው እጅ ኤንትሬ ላይ የወጣች ሙሽራ አሁን ማንም እንዲያነሳት አትፈልግም፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ የለም።

ከመንገዱ ወዲያ ካሉት ጎጆዎች አንዲት አሮጊት እያዩን ነበር። እማዬ ከመቀመጫዋ ሆና "ነጋን ቡልታኒ?" ስትል እኛም እሳቸውም ደነገጥን። ከአርባ ዓመት በላይ ስትናገረው ሰምቼ የማላውቀው ኦሮምኛ እየተሰባበረ ወጣ። አሮጊቷ መጡ፤ ብዙ አወሩ። ከድርቁ የተረፉላቸው ሦስት ላሞች መሆናቸውን እማዬ ተረጎመችልን። ችግራችንን ሲያዩ ምንም ሳይሉ ተመልሰው ሄዱና ከአንድ ግንድ የተጠረበ በርጩማ ይዘው መጡ። ስሙ በእሳቸውም ቋንቋ ባርጩማ ነው፤ ለዚህ ትርጉም አላስፈለገም። ከወንድሜ መርገጫ ሥር አስቀመጡት። ሜትሩ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ለካሁት፤ 22 ሴንቲ ሜትር። ከመሬት በርጩማው፣ ከበርጩማው ቋሚው መርገጫ፣ ከዚያ ወለሉ። እማዬ ጎናችንን ሳትይዝ ወጣች። በርጩማውን ነገ ስትመለሱ ትመልሱታላችሁ ብለው ሰጡን።

አሬሮ እንደደረስን እማዬ የኖረችበትን ቤት ፈለገች፤ ቤቱ የለም፤ ቦታውን ግን በአንድ ዛፍና በኮረብታው አቅጣጫ አገኘችው። እዚያ ብዙ ቆየን። ስለዚያ ሰዓት ብዙ መጻፍ አልፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ጫካውን አየን። በዚህ ቆላ መሃል የሐበሻ ጥድ ደን ማግኘት ያስገርማል። በ1893 እ.ኤ.አ. በዝሆን ተገድሎ ሕይወቱ ያለፈው የጣሊያኑ አሳሽ ልዑል ሩስፖሊ ስም የተሰጠው ባለነጭ ጉትያ ቱራኮ እዚህ ይኖራል። እኛ ድምፁን ሰማን መሰለን፤ አላየነውም። አርዳ ጂላ በዳሳም በዚሁ ወረዳ ነው። እዚያ ነው የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም 71ኛው አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ ሥልጣኑን ለ72ኛው አባ ገዳ ጉዮ ቦሩ ያስረከበው። ርክክቡ በየስምንት ዓመቱ ነው፤ የቦረና ሰው ከኬንያ ሳይቀር ይመጣል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ልጄ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ጠየቀችና በጣቷ ቆጥራ "ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው" አለች።

በመንገዳችን ላይ ሌሎች ነገሮችም አስተዋልኩ። ወንድሜ ጣሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ለማሰር መርገጫው ላይ ይቆማል፤ የእኔ በሩ ሲዘጋ ስለሚገባ በር ከፍቼ መቆም ነበረብኝ። አንድ ድንጋይ የወንድሜን ቱቦ አጎደጎደው፤ ከቱቦው በላይ ያለው የበር ሥር ግን አልተነካም። በሌላ በኩል መንደር ውስጥ ስናልፍ ልጆች የወንድሜ መርገጫ ላይ ዘለው እየተንጠለጠሉ ደጋግመን ቆመን አወረድናቸው፤ የእኔ ላይ የሚንጠለጠሉበት አልነበረም። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

ስንመለስ እማዬ ለአሮጊቷ በርጩማውን ከቡናና ከስኳር ጋር መለሰች። ያቤሎ ላይ አንድ በያጅ ሁለት ሰዓት ፈጅቶ ከወንድሜ ቋሚ መርገጫ ሥር፣ በቀኝ በኩል ሌላ ደረጃ ሠራ። ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ቀበቶ የተንጠለጠለ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ቱቦላሬ ነው። ድንጋይ ቢነካው ቀበቶው ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ ሲረግጡት ትንሽ ይወዛወዛል፤ እጀታ ከያዙ ግን ችግር የለውም። የእኔን ደግሞ እጥበት ቤት በኃይለኛ ውሃ ግራሶውን አስለቅቀው ጠረጉት። ሠራ። እስከ አዲስ አበባም አላስቸገረም።

አንባቢ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትጓዙ ከሆነ፣ መርገጫ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። "ስንት ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ከመሬት ስንት ላይ ይቆማል?" በሉ፤ የሚወጣውን ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይበልጣል። ከተማና አስፋልት ለሚበዛበት ቤተሰብ ታጣፊው ለአረጋዊ ጉልበት ይመቻል፤ ክንዶቹን አዘውትሮ ማጠብ ግን የግድ ነው። እንደ አሬሮ ባለ መንገድ ከሻንሲው የታሰረውን ቋሚ እመርጣለሁ፤ ከሥሩ ዝቅ ያለ ነገር ካለው ብቻ። ለጌጥ ከበሩ ሥር የሚለጠፈውን ቀጭን አሉሚኒየም ግን ከሁለቱም አልቆጥረውም፤ ክሪክ ወይም ከባድ ሰው ሲያርፍበት ይታጠፋል።

እማዬ አሁን ደግሞ ነገሌ ቦረናን አሳዩኝ ትላለች። አባቴ ወረቀት ለማስፈረም ወደዚያ ይሄድ ነበር፤ ከአሬሮ በዋጪሌ አልፎ የዳዋን ወንዝ ተሻግሮ። ወንድሜ የጎማ ቀበቶውን ደረጃ በግራም በኩል ሊያሠራ ነው። ሜትሩን ወስዶብኛል።